በሽታው ያው፣ ቁጥሩ ሌላ

አስመጪ ነጋዴ ሁሉ አንድ ጊዜ የቀመሰው ጉዳይ አለ። ዕቃው ሞጆ ደረቅ ወደብ ገብቷል፤ ኤልሲው ተከፍሏል፤ ገዥው መርካቶ ሆኖ ይጠብቃል። ይሁን እንጂ ትራንዚተሩ ዲክላራሲዮኑ ላይ ያሰፈረው የታሪፍ ቁጥር ከስምንቱ አሃዝ በአንዱ ስቷል። ዕቃው አልተበላሸም፣ የጎደለም የለም። ግን አይወጣም። ነጋዴው በወረቀት ሲታይ ባለሀብት ነው፤ ኪሱ ሲታይ ደግሞ የሠራተኛ ደመወዝ የሚበደር ሰው ነው።

አሜሪካ ውስጥ የግል ክሊኒክ ያለው ሐኪም በቀን ሃያና ሠላሳ ዲክላራሲዮን ይሞላል ቢባል ማጋነን አይሆንም። በሽተኛው ከመውጣቱ በፊት የሚከፍለው ትንሽ ነው፤ ዋናውን የሚከፍለው የመድን ድርጅት ነው። የመድን ድርጅቱ ደግሞ በሽተኛውን አያይም። የሚያየው ሁለት ቁጥር ነው፤ አንዱ ሰውዬው ምን ታመመ የሚል፣ ሌላው ሐኪሙ ምን ሠራ የሚል። ሁለቱ ካልተስማሙ ወይም አንዱ ከተሳሳተ የክፍያ ጥያቄው ይመለሳል።

ታዲያ እነዚህ ቁጥሮች በአንድ ሌሊት ሁሉም ቢለወጡስ? ይህ በኦክቶበር 1 ቀን 2015፣ በእኛ መስከረም 20 ቀን 2008 ዓ.ም. የሆነ ነገር ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ የእኛ ናቸው ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ያ ቀን ካለፈ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኗል። ነገር ግን ቁጥሮቹ ዛሬም በየዓመቱ ይታደሳሉ፤ የኤሌክትሮኒክ መዝገብ ደንቡም በየጊዜው ይለዋወጣል። ዘመዱ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ክሊኒክ የከፈተና አብረን እንሥራ ብሎ ስልክ የደወለለት አንባቢ ጉዳዩን ማወቁ አይጎዳውም። እዚህ አገር የግል ክሊኒክ ያለውም ቢሆን ነገ ከነገ ወዲያ የሚያገኘው ነው።

ከ14 ሺህ ወደ 70 ሺህ

ነገሩ እንዲህ ነው። የበሽታ ኮዶቹ ዓለም አቀፍ የበሽታዎች ምደባ ይባላሉ፤ በአጭሩ አይሲዲ። አሜሪካኖች ከ1979 ጀምሮ የሚሠሩበት ዘጠነኛው እትም ወደ 14 ሺህ የሚጠጉ የበሽታ ኮዶች ነበሩት። አሥረኛው እትም፣ አሜሪካኖች ለራሳቸው አስፋፍተው ባዘጋጁት መልኩ፣ ወደ 70 ሺህ ገደማ አለው። ሆስፒታሎች ለተኙ ሕሙማን የሚጠቀሙበት የሕክምና ሥራ ኮድ ለብቻው ከ4 ሺህ ገደማ ወደ 72 ሺህ ገደማ አድጓል። የግል ክሊኒኮች ግን ከዚህ ሁለተኛው ተርፈዋል፤ እነርሱ ለሠሩት ሥራ የሚጠቀሙበት ሲፒቲ የሚባለው ኮድ የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር ንብረት ሲሆን እንደነበረ ቀጥሏል።

ቁጥሩ ለምን በዛ? አንዲት ሴትዮ በረዶ ላይ ወድቃ የእጇ አንጓ አጠገብ ያለው አጥንት ተሰበረ እንበል። በአሮጌው አሠራር ስብራቱ 813.41 ተብሎ ይጻፋል፤ አለቀ። በአዲሱ ግን ቀኝ እጅ ከሆነ ኤስ52.531 ነው፤ ግራ ከሆነ ኤስ52.532። ከዚያ በኋላ ሰባተኛ ፊደል ይጨመራል። ስብራቱ ሳይከፈት ገና እየታከመ ከሆነ ኤ፣ በደንብ እየዳነ ለክትትል የመጣች ከሆነ ዲ፣ ከዳነ በኋላ የቀረ ጣጣ ከሆነ ኤስ። ለክፍት ስብራትና በትክክል ላልገጠመ አጥንት ደግሞ ሌሎች ፊደሎች አሉ። ያው ስብራት ነው፤ ሐኪሙም ያው ጄሶ ነው የሚያስረው። ነገር ግን የትኛው እጅ እንደሆነ ካርዱ ላይ ካልጻፈ ኮድ የሚሠራው ሠራተኛ መገመት አይፈቀድለትም። ተመልሶ ሐኪሙን መጠየቅ አለበት፤ ሐኪሙ ደግሞ በዚያን ሰዓት ሌላ በሽተኛ ላይ ነው።

ሁሉም በዛ ማለት ግን አይደለም። የደም ግፊት በአሮጌው ሦስት ኮድ ነበረው፤ በአዲሱ አይ10 የሚባል አንድ ኮድ ብቻ ሆነ። ስኳር ግን ሰፋ። ሁለተኛው ዓይነት ስኳር ያለ ተጨማሪ ችግር ኢ11.9 ሲሆን፣ ኩላሊት ከነካ፣ ዓይን ከነካ፣ ነርቭ ከነካ ለየብቻው ቁጥር አለው። በጊዜው ጋዜጦች የተሳለቁባቸውም አሉ፤ ዳክዬ መትታው ለታከመ ሰው ደብልዩ61.62 ተዘጋጅቶለታል፤ ለላም ንክሻም አልጠፋም። ፈገግ ያሰኛል እንጂ የክሊኒክ ባለቤት እንቅልፍ ያጣው በዳክዬ አልነበረም፤ በየቀኑ በሚያያቸው ሃምሳና ስድሳ በሽታዎች ነው።

ዓለም ወደ አሥረኛው እትም የሄደው ቀደም ብሎ ነው። የዓለም ጤና ጉባኤ ያጸደቀው በ1990 ሲሆን አገሮች መጠቀም የጀመሩት ከ1994 ወዲህ ነው። አሜሪካም ከ1999 ጀምሮ የሞት ምክንያት የምትመዘግበው በአሥረኛው ነበር። የሞተው በአዲሱ፣ የታመመው በአሮጌው ሲቆጠር 16 ዓመት አለፈ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ለሞተ ሰው የሚከፍል መድን የለም፤ ለታመመው ግን ቁጥሩ ገንዘብ ነው።

ሦስት ጊዜ የተራዘመ ቀን

የሽግግሩ ቀን ታሪክ ለገበያ ሰው ራሱን የቻለ ትምህርት አለው። መንግሥት በ2008 ባወጣው ረቂቅ ኦክቶበር 2011 አለ። በጥር 2009 የጸደቀው ደንብ ኦክቶበር 2013 አደረገው። በ2012 ወደ ኦክቶበር 2014 ተገፋ። ሁሉም እርግጠኛ በሆነበት ሰዓት፣ ሚያዝያ 1 ቀን 2014 ስለ ሐኪሞች ክፍያ በተፈረመ ሕግ ውስጥ በገባች አንዲት አንቀጽ፣ ከኦክቶበር 2015 በፊት አይሆንም ተባለ።

በዚህ መሐል የተጎዳው ማነው? የተዘናጋው አይደለም። ቀድሞ የተዘጋጀው ነው። በ2013 ሠራተኞቹን አሠልጥኖ፣ ሶፍትዌሩን አድሶ፣ ፎርሙን አሳትሞ የጠበቀው ክሊኒክ ሥልጠናው እየተረሳ፣ የሠለጠነው ሠራተኛ የተሻለ ደመወዝ አግኝቶ እየሄደ ሁለት ዓመት ተቀመጠ። እጁን አጣጥፎ የጠበቀው ጎረቤቱ ግን ገንዘቡን ባንክ አስቀምጦ ወለድ በላ። በኢኮኖሚክስ ትምህርት ቤት የመንግሥት ቃል ተአማኒነት ሲባል የምንማረው ይህንኑ ነው፤ ቀኑን ሦስት ጊዜ የለወጠ መንግሥት አራተኛውን ቀን የሚያምንለት ሰው ሲያጣ መደነቅ የለበትም። የካሽ ሬጂስተር ማሽን ግዴታ የመጣ ጊዜ ወረፋው እስከ መጨረሻው ቀን የጠበቀውን አገራችን ነጋዴም በዚሁ ዓይን ማየት ይቻላል። ስንፍና ብቻ አልነበረም፤ ስሌትም ነበረበት።

ወጪው ስንት ነው? የሚነግርህ ማነው?

ስለ ወጪው የወጡት ግምቶች እርስ በርሳቸው ሲታዩ ያስገርማሉ። ናቺምሰን አድቫይዘርስ የተባለ አማካሪ ድርጅት በ2008 ባወጣው ጥናት ለአነስተኛ ክሊኒክ 83,290 ዶላር ይፈጃል አለ። ይኸው ድርጅት በ2014 ለአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር ሲያድሰው ከ56,639 እስከ 226,105 ዶላር አደረሰው። በዚያው ዓመት የሥርዓቱ ደጋፊ የሆኑት የአሜሪካ የጤና መረጃ አስተዳደር ማኅበርና ባልደረቦቹ ከ1,960 እስከ 5,900 ዶላር ብቻ ነው አሉ። ቀጥሎ የክሊኒክ ቢሮ ሥራ አስኪያጆች ማኅበር አባላቱን ጠይቆ፣ ስድስትና ከዚያ በታች ሐኪሞች ላሏቸው ክሊኒኮች አማካዩ 8,167 ዶላር ሆነ።

ከ2 ሺህ እስከ 226 ሺህ! በአንድ ገበያ ላይ ያለ ነጋዴ እንዲህ ያለ የዋጋ ልዩነት ቢያይ መጀመሪያ የሚጠይቀው ዋጋውን የሚናገረው ሻጭ ነው ወይስ ገዥ የሚለውን ነው። የሐኪሞች ማኅበር ለውጡ እንዲቀር ይፈልግ ነበር፤ ስለዚህ ግምቱ ትልቅ ነው። የጤና መረጃ ማኅበሩ ኮደሮችን የሚያሠለጥንና የምስክር ወረቀት የሚሰጥ ነው፤ ስለዚህ ግምቱ ትንሽ ነው። በዚህ ጋዜጠኛ አስተያየት ለእውነት የሚቀርበው የሦስተኛው ነው፤ ወጪውን ራሳቸው የከፈሉት ሰዎች ስለተናገሩ። እርሱም ቢሆን ዋናውን ነገር አልነካም። ትልቁ ወጪ የሥልጠናና የሶፍትዌር አይደለም። የሚዘገይ ገንዘብ ነው።

የሁለት ሐኪሞች ሂሳብ

ለግንዛቤ ያህል ብቻ፣ በሐሳብ አንድ ክሊኒክ እንክፈት። ሁለት ሐኪሞች ባለቤቶች ናቸው። ክሊኒኩ በወር 100 ሺህ ዶላር ይሰበስባል፤ 15 ሺህው በሽተኞች ጠረጴዛ ላይ የሚከፍሉት ሲሆን 85 ሺህው ከመድን ድርጅቶች የሚመጣ ነው። የሠራተኛ ደመወዝ፣ የቤት ኪራይ፣ የሙያ ኃላፊነት ኢንሹራንስ፣ መድኃኒትና ዕቃ፣ ሶፍትዌርና ስልክ ተደምሮ 62 ሺህ ይወጣል። የሚቀረው 38 ሺህ ለሁለቱ ባለቤቶች ነው።

ኮዱ ተለወጠና ከመድን ድርጅቶች ከሚጠበቀው 30 በመቶው ተመልሶ መጣ እንበል። በዚያ ወር የሚገባው 15 ሺህና 59,500 ነው፤ ድምሩ 74,500። ወጪው ሲነሳ ለባለቤቶቹ የሚተርፈው 12,500 ይሆናል። ይጠብባል እንጂ ይታለፋል። የተመለሰው ግማሹ ከሆነስ? የሚገባው 57,500 ነው፤ ባለቤቶቹ አንድ ሳንቲም ሳይወስዱ ክሊኒኩ 4,500 ዶላር ይጎድለዋል። ልብ በሉ፣ ትርፉ አልቀነሰም። ሥራው ተሠርቷል፤ የክፍያ ጥያቄው ታርሞ ሲሄድ ገንዘቡ ከወር ከሁለት ወር በኋላ ይመጣል። የሂሳብ ሠራተኛው መዝገብ ላይ ተሰብሳቢ ሂሳብ ተብሎ ያብጣል። ነገር ግን የቤት አከራዩ ተሰብሳቢ ሂሳብ አይቀበልም።

ከዚህ የከፋው ግን የማይመለሰው ነው። ሐኪሙ በቀን 24 በሽተኛ ያይ የነበረው፣ ቀኝና ግራ እየጻፈ፣ አዲሱን የኮምፒዩተር ገጽ እየለመደ 20 ብቻ ቢያይ አንድ ስድስተኛው ሥራ ጠፋ። ከ100 ሺህው 16 ሺህ የሚበልጥ ማለት ነው። ይህ ዘግይቶ የሚመጣ ሳይሆን ያልተወለደ ገንዘብ ነው። በዝግጅት ወቅት ብዙ ባለቤቶች የሶፍትዌር ዋጋ ሲከራከሩ ይህን ረስተውት ነበር።

ለዚህ ነው በዚያን ጊዜ አማካሪዎች ሁሉ ክሊኒኮችን ባንክ ሂዱ ይሉ የነበረው። ብድሩን ለመውሰድ አይደለም፤ የብድር ጣሪያውን አስቀድሞ ለማስፈቀድ ነው። የኛ ነጋዴ ኦቨርድራፍት የሚለው ዓይነት። ባንክ ገንዘብ የሚሰጠው ለማይፈልገው ሰው ነው የሚለው የቆየ ሐሜት እዚህ ላይ እውነት ይሆናል። መስከረም ላይ መዝገቡ ጤናማ ሆኖ የሄደ ሐኪም ጣሪያውን ያገኛል፤ ታኅሣሥ ላይ ደመወዝ መክፈል አቅቶት የሄደው ግን በር ላይ ይቀራል።

ሌሎቹ ዝግጅቶች ከመጽሐፍ ይልቅ ከሱቅ ቆጠራ ጋር ይመሳሰላሉ። ብልህ ባለቤት 70 ሺህውን ኮድ አልተማረም። ካለፈው ዓመት መዝገብ በብዛት የተጠቀመባቸውን ሃምሳ ኮዶች አወጣ፤ ለእነዚያ ብቻ አዲሱን ቁጥር አዘጋጀ፤ ከዚያም የራሱን ካርዶች መዝዞ አሁን በተጻፈው ልክ አዲሱን ኮድ መስጠት ይቻላል ወይ ብሎ ፈተነ። አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ጉድለት የኮደሩ አይደለም፤ የሐኪሙ እጅ ጽሑፍ ነው። ከቀኑ በፊት ያልተላኩ የቆዩ የክፍያ ጥያቄዎችን ጠርጎ መላክም ትልቅ ነገር ነበር። ምክንያቱም የሚቆጠረው ጥያቄው የተላከበት ቀን ሳይሆን በሽተኛው የታየበት ቀን ነው። መስከረም መጨረሻ የታየው በአሮጌው፣ በማግስቱ የታየው በአዲሱ። ሜዲኬር፣ ማለትም የአረጋውያኑ የመንግሥት መድን፣ ጥያቄ ለመቀበል አንድ ዓመት ስለሚሰጥ ሁለቱ ቁጥሮች ጎን ለጎን ወራት ሄደዋል። አሮጌውን ሶፍትዌር በማግስቱ ያጠፋ ክሊኒክ የቆየ ገንዘቡን በገዛ እጁ ቀበረ ማለት ነው።

መዝገቡ ወደ ኮምፒዩተር ሲገባ

ከኮዱ ጋር ጎን ለጎን የመጣው ሌላው ግዴታ የኤሌክትሮኒክ ሕክምና መዝገብ ነው። እዚህ ላይ የአሜሪካ መንግሥት ገንዘቡን ቀድሞ ዘረጋ። በፌብሩዋሪ 2009 በወጣው የኢኮኖሚ ማነቃቂያ ሕግ ውስጥ፣ መዝገቡን ወደ ኮምፒዩተር አስገብቶ ደንቡ በሚለው መንገድ ለተጠቀመበት ሐኪም በሜዲኬር በኩል በአምስት ዓመት እስከ 44 ሺህ፣ ለድሆች በሆነው በሜዲኬይድ በኩል ደግሞ በስድስት ዓመት እስከ 63,750 ዶላር ተመደበ። ያልተጠቀመበት ከ2015 ጀምሮ ከሜዲኬር ክፍያው 1 በመቶ፣ በ2016 2 በመቶ፣ በ2017 3 በመቶ እንዲቀነስበት ተደነገገ። ካሮቱ ሲያልቅ ዱላው መጣ። ያ አሠራር በኋላ በሌላ የነጥብ አሰጣጥ ሥርዓት የተተካ ሲሆን፣ በአሁኑ ወቅት ቅጣቱ እስከ 9 በመቶ ይደርሳል። የሜዲኬር ሥራቸው አነስተኛ የሆነ ሐኪሞች ግን ነጻ ናቸው፤ በዓመት ከ200 የማይበልጥ የሜዲኬር በሽተኛ የሚያይ ሐኪም አይመለከተውም። ብዙ ትንንሽ ክሊኒኮች ይህን ሳያጣሩ ለማያስፈልጋቸው ነገር ይከፍላሉ።

ገንዘብ በተዘረጋበት ሻጭ ይበዛል። ሶፍትዌሩን ሁሉ የሚመረምርና የምስክር ወረቀት የሚሰጥ አካል ተቋቁሞ ነበር፤ ሐኪሙም ወረቀቱን አይቶ ይገዛል። ነገር ግን በግንቦት 2017 ኢክሊኒካልወርክስ የተባለው ትልቅ ሻጭ 155 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። የፍትሕ መሥሪያ ቤቱ ክስ ኩባንያው ለፈተናው የሚያስፈልጉትን የመድኃኒት ኮዶች ብቻ ሶፍትዌሩ ውስጥ ከትቶ ፈተናውን አልፏል የሚል ነበር። ፈተና ላይ የሚወጡትን ጥያቄዎች ብቻ የሸመደደ ተማሪ ማለት ነው።

የፕራክቲስ ፊውዥን ታሪክ ደግሞ ይብሳል። ይህ ኩባንያ ሶፍትዌሩን ለሐኪሞች በነጻ ይሰጥ ነበር። በነጻ የሚሰጥ ነገር የሚከፍለው ሌላ ሰው እንዳለው ነጋዴ ያውቃል። በጥር 2020 ኩባንያው 145 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ሲስማማ፣ ከኦፒዮይድ መድኃኒት አምራች ጉቦ ተቀብሎ ሐኪሙ መድኃኒት በሚያዝበት ሰዓት ገጹ ላይ የሚወጣውን ማሳሰቢያ ለዚያ አምራች በሚጠቅም መንገድ ማዘጋጀቱን አምኗል። ኩባንያውን ከሁለት ዓመት በፊት በ100 ሚሊዮን ዶላር የገዛው ኦልስክሪፕትስ ነበር። ቅጣቱ ከግዢው ዋጋ በለጠ! ድርጅት የሚገዛ አንባቢ ካለ ይህችን አንቀጽ ቆርጦ ያስቀምጣት።

ስለዚህ ሶፍትዌር ሲመረጥ ከወርኃዊው ዋጋ በፊት ውሉ ነው መነበብ ያለበት። ውሉ ሲፈርስ የበሽተኞቹ መዝገብ በምን መልክ፣ በስንት ቀን፣ በስንት ብር ይመለሳል? የኮድ እድሳቱ በዋጋው ውስጥ አለ ወይስ ለብቻው ይከፈላል? የበሽታ ኮዶች በየዓመቱ ኦክቶበር 1 ይታደሳሉ፤ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ሚያዝያ ላይም ጥቂት ይጨመራሉ። ሐኪሙ ለቢሮ ምርመራ የሚያስከፍልበት የሲፒቲ አሠራርም በጥር 2021 ተለውጧል፤ በሽተኛውን ስንት ቦታ ዳሰስኩት ተብሎ መቁጠሩ ቀርቶ በውሳኔው ክብደት ወይም በወሰደው ጊዜ ሆኗል። የማይታደስ ሶፍትዌር የገዛ ሰው በየመስከረሙ ሌላ ግዢ አለበት።

የተፈራው ቀንና ያልተጠበቀው ቀን

ኦክቶበር 1 ቀን 2015 ምን ሆነ? ብዙም አልሆነ። ሜዲኬርን የሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት ባወጣው አሃዝ፣ እስከ ወሩ 27ኛ ቀን ድረስ በቀን በአማካይ 4.6 ሚሊዮን የክፍያ ጥያቄ ቀርቧል። ከዚህ ውስጥ በተሳሳተ አዲስ ኮድ ምክንያት የተመለሰው 0.09 በመቶ ብቻ ነው። በጠቅላላው ክፍያ የተከለከለው 10.1 በመቶ ሲሆን ቀድሞም 10 በመቶ ነበር። ከቀኑ ሦስት ወር ቀደም ብሎ መሥሪያ ቤቱና የሐኪሞች ማኅበር ተስማምተው ነበር፤ ለአንድ ዓመት ኮዱ ከትክክለኛው ቤተሰብ እስከሆነ ድረስ ዝርዝሩ ስለጎደለ ብቻ ሜዲኬር አይከለክልም ተባለ። በ2000 ዓመት ኮምፒዩተር ሁሉ ይቆማል ተብሎ ሳይቆም የቀረበትን ሌሊት ያስታውሷል።

አንዳንዶች ያን ሁሉ ዝግጅት በከንቱ ነበር አሉ። ይህ ክርክር ለዚህ ጋዜጠኛ አይዋጥለትም። ጣሪያውን ጠግኖ ዝናብ ያልገባበት ሰው ጥገናው ከንቱ ነበር አይልም። ይልቅ ሊጠየቅ የሚገባው ዝናቡ በየት በኩል መጣ የሚለው ነው።

የመጣው በፌብሩዋሪ 21 ቀን 2024 ነው። ክሊኒኮች የክፍያ ጥያቄያቸውን በቀጥታ ለመድን ድርጅት አይልኩም፤ መሐል ላይ የሚቆም አስተላላፊ ድርጅት አለ። ከእነዚህ ትልቁ የዩናይትድሄልዝ ንብረት የሆነው ቼንጅ ሄልዝኬር ሲሆን፣ በዚያ ቀን በኮምፒዩተር ዘራፊዎች ተመታ። ዘራፊዎቹ የገቡት ተጨማሪ የማንነት ማረጋገጫ ባልተደረገለት በር ነው። ኩባንያው 22 ሚሊዮን ዶላር ከፍሏቸዋል፤ ሥርዓቱ ግን ለሳምንታት ቆመ። የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር በወቅቱ ከጠየቃቸው ክሊኒኮች 80 በመቶው ከክፍያ ጥያቄ የሚያገኙት ገንዘብ ቀረብን ሲሉ፣ 55 በመቶው ደግሞ ወጪ የሸፈኑት ከግል ኪሳቸው ነበር።

ወደ ሁለቱ ሐኪሞቻችን እንመለስ። የመድን ገንዘብ ጨርሶ ከቆመ በወር የሚገባው ጠረጴዛ ላይ የሚከፈለው 15 ሺህ ብቻ ነው፤ ወጪው 62 ሺህ። ጉድለቱ በወር 47 ሺህ ዶላር ሆነ። በ2015 ለኮዱ ብሎ የብድር ጣሪያ አስፈቅዶ ሳይነካው ያስቀመጠ ክሊኒክ በ2024 በሌላ ምክንያት ዳነበት። እኩለ ሌሊት ላይ ከባለቤቱ ጋር ቤታቸውን ስለማስያዝ የተነጋገረ ሐኪምም አይጠፋም።

እንዲህ ያለው ጫና ሲደራረብ ሐኪሞች ክሊኒካቸውን ለሆስፒታልና ለትልልቅ ኩባንያ እየሸጡ ደመወዝተኛ መሆናቸው አያስገርምም። በሐኪሞች ማኅበሩ ጥናት በሐኪሞች ባለቤትነት ሥር ባሉ ክሊኒኮች የሚሠሩት በ2012 60.1 በመቶ ነበሩ፤ በ2024 42.2 በመቶ ሆነዋል። የኮዱና የመዝገቡ ደንብ ብቻውን ያመጣው አይደለም፤ የመድን ክፍያው ማነስና የመደራደር አቅም ማጣት የበለጠ ይከብዳሉ። ነገር ግን የደንብ ወጪ ቋሚ ወጪ ነው። መቶ ሐኪም ያለውም ሁለት ሐኪም ያለውም አንድ ሶፍትዌር፣ አንድ ኮደር፣ አንድ ሥልጠና ያስፈልገዋል፤ ለመቶ ሲካፈልና ለሁለት ሲካፈል አንድ አይደለም።

ለእኛ የሚቀርበው ወገን

ኮደርነት ዲግሪ ሳይጠይቅ በጥቂት ወራት ሥልጠናና በፈተና የሚገባበት የቢሮ ሥራ ነው፤ ከቤት ሆኖ የሚሠራም አለ። ሕንድና ፊሊፒንስ ይህን ሥራ ከርቀት በመሥራት ትልቅ ገቢ ያገኛሉ። አዲስ አበባስ? ከዋሽንግተን ጋር ያለን የሰባትና የስምንት ሰዓት ልዩነት ለዚህ ይመቻል፤ እነርሱ ሲተኙ የእኛ ቀን ነው። ይሁን እንጂ ነገሩ ኮምፒዩተርና እንግሊዝኛ ብቻ አይደለም። የአሜሪካ የሕሙማን ምስጢር ሕግ ከክሊኒኩ ጋር ልዩ ውል መፈረምን ይጠይቃል፤ አንዳንድ ስቴቶችም የሜዲኬይድ ሥራ ከአገር ውጭ እንዳይወጣ ይከለክላሉ። በዚህ ገበያ ልግባ የሚል ባለሀብት ከኢንተርኔቱ ፍጥነት ይልቅ ስለ ምስጢር አጠባበቁ ሊጠየቅ ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መውጣቱ በዚህ ረገድ ጥሩ መነሻ ሲሆን፣ የጤና መረጃን ልዩ ጥበቃ ከሚሹት ውስጥ ያስቀምጠዋል። እዚህ አገር በኮምፒዩተር መዝገብ የሚይዙ የግል ሆስፒታሎችንም ይመለከታል።

አሜሪካ ካለው ዘመዱ ጋር በክሊኒክ ሊሻረክ ያሰበ ሰው ደግሞ አስቀድሞ ጠበቃ ይጠይቅ። በብዙ ስቴቶች ሐኪም ያልሆነ ሰው የሕክምና ክሊኒክ ባለቤት መሆን አይችልም። ገንዘቡ የሚገባው ሕንጻውን፣ ዕቃውንና ቢሮውን በሚያስተዳድር ሌላ ኩባንያ በኩል ሲሆን፣ ያም ኩባንያ ትርፉን እንደፈለገ መካፈል ላይፈቀድለት ይችላል።

ከዚያ በኋላ ሂሳቡን ሲያዩ በወር ስንት ገባ የሚለውን ገጽ ለጊዜው አልፈው፣ ተሰብሳቢ ሂሳቡ በዕድሜ የተደረደረበትን ገጽ ይጠይቁ። 30 ቀን፣ 60 ቀን፣ 90 ቀን፣ ከዚያ በላይ ተብሎ ይከፈላል። በመጨረሻው ዓምድ ያለው ቁጥር ከአንድ ወር ገቢ ከበለጠ፣ ያ ክሊኒክ ኮድ የሚሠራለት ሰው ማን እንደሆነ፣ መቼ እንደሠለጠነና የተመለሱትን ጥያቄዎች አርሞ መልሶ የሚልከው ማን እንደሆነ ስም ጠርተው ይጠይቁ።